ጅብና ነብር ለጃርት ለቅሶ የተቀመጡ ጊዜ

እንግዲህ ጆሮ ያለው ጆሮውን ያቅና፤ ጥርስ ያለው ደግሞ ጥርሱን ይያዝ፣ መሳቂያው ቆየት ብሎ ይመጣል።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ። አገሩን አትጠይቁኝ፤ እኔም ሲነግሩኝ አልጠየቅሁም። በዚያ አገር አንድ ኮረብታ ነበረ፣ ኮረብታው ላይ ጃርቶች ይኖሩ ነበር። ከላይ በኩል ጉድጓድ የቆፈሩት ላይ ቤቶች ይባላሉ፣ ከታች በኩል የቆፈሩት ታች ቤቶች። ላይ ቤቶች ታች ቤቶችን «ጭቃ ረጋጮች» ይሏቸዋል፤ ታች ቤቶች ላይ ቤቶችን «ነፋስ በሎች» ይሏቸዋል። ስድቡ ከዚያ አይዘልም። ይጋባሉ፣ ይዋለዳሉ፣ የሰው ድንች አብረው ይሰርቃሉ። ከሁሉም በላይ እድራቸው አንድ ነው፤ አንድ ድንኳን፣ አንድ የንፍሮ ድስት፣ አንዲት አልቃሽ።

አልቃሿ እትዬ ትርንጎ ነበረች። አፏን ከፍታ አንድ ስንኝ ካወረደች፣ ሟቹን ሲረግም የኖረ ሰው እንኳ ደረቱን ይመታል። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ ያሏት ሁለት መንታ ልጆች ናቸው፣ ጎሹና ዳምጤ። ጎሹ ላይ ቤት አግብቶ ላይ ቤት ይኖራል፤ ዳምጤ ታች ቤት አግብቶ ታች ቤት ይኖራል። እሷ የኮረብታው ወገብ ላይ ናት። ጠዋት ከጉድጓዷ ደጃፍ ቁጭ ብላ አንገቷን ወደ ላይ ታቀናና «ጎሹዬ፣ ደህና አደርክ?» ትላለች፤ ደግሞ ወደ ታች ትዞርና «ዳምጤዬ፣ ደህና አደርክ?» ትላለች። ሁለቱም «ደህና!» ካሏት ቀኑ ሞላላት ማለት ነው።

ታዲያ አንድ ቀን አባ ቢሻው የሚባሉ ሽማግሌ ጃርት ሞቱ።

የእድሩ ደንብ የለቅሶ ድንኳን በሩ ወደ ሟቹ ጉድጓድ አፍ ይዙር ይላል። የአባ ቢሻው ጉድጓድ ግን ሁለት አፍ ነበረው፤ አንዱ ወደ ላይ ቤት፣ አንዱ ወደ ታች ቤት። ሰውየው በሕይወት ሳሉ በየትኛው ገብተው በየትኛው እንደሚወጡ ልብ ብሎ ያየ የለም።

«በሩ ወደ ላይ ይዙር!» አሉ ላይ ቤቶች።

«ወደ ታች ይዙር!» አሉ ታች ቤቶች።

የእድሩ ዳኛ አባ ክንዴ፣ «ጎበዝ፣ ለምን ሁለት በር አናወጣለትም?» ቢሉ፣ ላይ ቤትም ታች ቤትም በአንድ ድምፅ «ድንኳን ነው ወይስ ወንፊት?» ብለው ጮኹባቸው። በዚያ ቀን የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

አባ ቢሻው በር በሌለው ድንኳን ተለቀሰላቸው። ለቀስተኛው በጨርቁ ሥር እየሾለከ ገባ፣ እየሾለከ ወጣ። ጃርት በጨርቅ ሥር ሲሾልክ ጨርቁ ምን እንደሚሆን አስቡት። ተቀደደ። «ማን ቀደደው?» ተባለ። ጦርነቱ ከዚያ ተነሣ።

መጀመሪያ ላይ ጦርነትም አይመስል ነበር። ጀርባ ለጀርባ ገጥመው ይገፋፋሉ፣ እሾህ ከእሾህ ይንኳኳል፣ ሲደክማቸው ወደየጉድጓዳቸው ይገባሉ። በሳምንቱ ሊሰለቻቸው ነበር። ግን ጎረቤት ሰማ።

ከኮረብታው ግርጌ ወንዝ አለ። ወንዙ ላይ አውሬ ሁሉ ወርዶ የሚጠጣበት መልካ አለ። አያ ጅቦ «መልካው የእኔ ነው» ይላል፤ ጌታው ነብሮም «የእኔ ነው» ይላል። ፊት ለፊት እንዳይገጥሙ ይፈራራሉ። ኮረብታውን የያዘ ደግሞ ወደ መልካው የሚወርደውን ሁሉ ከላይ ሆኖ ያያል። ችግሩ፣ ኮረብታው ላይ ጃርት አለ፤ ጃርት የነከሰ አፍ ምን እንደሚሆን ሁለቱም ከአባቶቻቸው ሰምተዋል።

በማግስቱ አያ ጅቦ እያነከሰ ላይ ቤት ደረሰ። ከጃርቶቹ አሥር እርምጃ ርቆ ቁጭ አለ፤ እሾህ ይፈራላ።

«ወገኖቼ» አለ። «እኔ እኮ ባዳ አይደለሁም። የአያቴ እናት ጃርት ነበሩ። ካላመናችሁ ስቆጣ ጀርባዬ ላይ የሚቆመውን ፀጉር ተመልከቱ። የእሾህ ዘር ባይኖርብኝ ይቆም ነበር?»

ላይ ቤቶች ተመለከቱ። እውነትም ይቆማል።

«ታች ቤቶች ሊያጠፏችሁ ነው። መገፋፋት ምን ያደርጋል? እሾህ ይወረወራል እንጂ! ቆዳችሁን ሰብሰብ፣ ሰውነታችሁን ርግፍግፍ፣ ከዚያ ልቀቁት! እኔ አለሁላችሁ።»

በዚያው ቀን ጌታው ነብሮ ታች ቤት ደረሰ። እሱም አሥር እርምጃ ርቆ ቁጭ አለ።

«ወገኖቼ» አለ። «እኔ እኮ ባዳ አይደለሁም። የአያቴ እናት ጃርት ነበሩ። ይሄ ገላዬ ላይ የምታዩት ነጠብጣብ ምን ይመስላችኋል? እሾህ የነበረበት ቦታ ነው። ረግፎ ነው።»

ታች ቤቶች ተመለከቱ። እውነትም የረገፈ ይመስላል።

«ላይ ቤቶች ሊያጠፏችሁ ነው። ወርውሩ! እኔ አለሁላችሁ።»

ይህ ወሬ ባሕር ማዶ ድረስ ተሰማና አባ ኮዳ የሚባለው ወፍ እየበረረ መጣ። ያን ጊዜ አባ ኮዳ እንደዛሬው አልነበረም፤ አናቱም አንገቱም ለስላሳ ላባ የለበሰ፣ ያማረ ወፍ ነበር። አንገቱ ላይ ቅባት የሞላ ኮዳ አንጠልጥሏል። ከረጅሙ ዛፍ ጫፍ ላይ አረፈና፣ «ሁኔታው እጅግ አሳስቦኛል» አለ። ከዚያ ወደ ላይ ቤት ወርዶ ቅባት አንቆረቆረላቸው፤ የተቀባ እሾህ ቶሎ ይነቀላል፣ ሩቅም ይሄዳል። ወደ ታች ቤትም ወርዶ አንቆረቆረላቸው። ተመልሶ ዛፉ ላይ ወጣና፣ «እጅግ በጣም አሳስቦኛል» አለ። ጦሩ በረድ ሲል ደግሞ የወደቀውን እሾህ እየለቀመ ለጎጆው ማገር ባሕር ማዶ ይወስድ ነበር።

ጦርነቱ አሁን ጦርነት ሆነ። ሞትም መጣ። አንዱ በእሾህ ይሞታል፣ አንዱ በእርጅና፣ አንዱ ሲሸሽ የጎረሰው ድንች አንቆት። ይሁንና ሰው በሞተ ቁጥር ላይ ቤትም ታች ቤትም ጦሩን ያቆምና ለቅሶ ይሄዳል። ድንኳኑ ስለተቀደደ በር አያስፈልገውም፤ ሁሉም በቀዳዳው ይገባል። ጠዋት የተወራወሩት ከሰዓት ጎን ለጎን ተቀምጠው ንፍሮ ይቀባበላሉ።

«ብላ እንጂ ወንድሜ፣ ጠዋት ስትሮጥ ደክሞሃል።»

«አንተም ጨምር፤ ያቺ የመጨረሻዋ እንኳ ጥሩ አወራወር ነበረች።»

አያ ጅቦ ይህን ሲያይ ሊያብድ ደረሰ። «ምን ዓይነት ጠላቶች ናችሁ?» አላቸው። «ትዋጋላችሁ፣ አብራችሁ ታለቅሳላችሁ!»

አባ ክንዴ ረጋ ብለው፣ «አያ ጅቦ፣ ጦርነት ጦርነት ነው፤ ለቅሶ ደግሞ ለቅሶ ነው» አሉት። «ለቅሶ የቀረን ማን ይቀብረዋል?»

እትዬ ትርንጎ ግን ማልቀሱ ሥራዋ ቢሆንም፣ በዚያ ሰሞን እንባዋ ለሟቾቹ ብቻ አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ወደ ላይ ትጣራለች፤ «ጎሹዬ፣ ደህና አደርክ?» መልሱ ቶሎ ካልመጣ ደግማ ደጋግማ ትጣራለች። ከሰዓት ልጆቿ ለቅሶ ሲመጡ ጀርባቸውን ታያለች። የጎሹ ጀርባ እንደታጨደ ማሳ ሆኗል። የዳምጤም እንደዚያው፤ ከጅራቱ በላይ ጥቂት እሾህ ቀርታዋለች፣ እሷም ተንጋዳለች።

«ጎሹ፣ ይሄ ጀርባህ ምን ሆነ?»

«ለአገሬ ሰጠሁት።»

«ለየትኛው አገር?»

«ለላይ ቤት ነዋ!»

«ላይ ቤት እኮ ከዚህ ሆኜ ሳስል የሚሰማበት ነው፣ የኔ ልጅ።»

«እሱን ጠይቂው፣ እሱ ነው የጀመረው» አለ ጎሹ በአገጩ ወደ ዳምጤ እያመለከተ።

ዳምጤ ንፍሮው አፉ ውስጥ እንዳለ፣ «ውሸታም! አንተ ነህ! ጨው አቀብለኝ» አለው።

ጎሹ ጨው አቀበለው።

እትዬ ትርንጎ ዓይኗን ከልጆቿ ጀርባ ስታነሣ አንድ ነገር አየች። አያ ጅቦ ያኔ ሲመጣ አሥር እርምጃ ርቆ ነበር የሚቀመጠው። እሾሁ ሲሳሳ ስድስት ሆነ። ኋላ ሦስት። ዛሬ ከጎሹ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተቀምጧል። ምራቁን ሲውጥ ጉሮሮው ወጣ፣ ወረደ። በዚያኛው በኩል የጌታው ነብሮ ጅራት ዳምጤ ጭን ላይ አርፏል። እንደ በግ ገዢ ቀስ እያለ ይዳብሰዋል።

ልጆቿን ወደ ጥግ ወሰደቻቸው። «ልጆቼ፣ እነዚህ ሊበሏችሁ ነው። እሾሁን የሚያስጥሏችሁ ለዚህ ነው።»

«እማዬ ደግሞ!» አለ ጎሹ። «አያ ጅቦ እኮ ዘመዳችን ነው!»

«ጌታው ነብሮም ዘመዳችን ነው!» አለ ዳምጤ። በዚህ ጉዳይ ላይ እንኳ ላለመሸነፍ።

«ዘመድ» አለች እትዬ ትርንጎ ለራሷ። «እሺ። ዘመድ ከሆኑ እንደ ዘመድ ይሁኑ።»

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አባ ክንዴንና ከሁለቱም ወገን ሽማግሌዎችን ይዛ ወደ አያ ጅቦ ዋሻ ሄደች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ባይነጋገሩም አልቀሩም፤ ለዘመድ መርዶ ሳይነግሩ መቅረት በዚያ አገር ከጦርነት ይብሳል።

«አያ ጅቦ፣ ይቀመጡ» አሉ አባ ክንዴ።

«ምን ተፈጠረ በማለዳ?»

«ይቀመጡ ብቻ። አይዞዎት። የአያትዎ እናት አርፈዋል።»

አያ ጅቦ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። «የአያቴ እናት? መቼ?»

«መቶ ዓመት ሆኗቸዋል። መርዶው ዘግይቶ ነው።»

«ታዲያ መቶ ዓመት ካለፋቸው …»

«መርዶ የተሰማበት ቀን የሞቱበት ቀን ነው» አለች እትዬ ትርንጎ። «ይኸው እኔ ራሴ በሕልሜ አይቻቸው ነው የመጣሁት። ላይ ቤት ተወልደው ታች ቤት የተዳሩ ጃርት ናቸው። ያለቀስላቸው የለም። ወይስ አያ ጅቦ፣ ዘመድ አይደሉም?»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩት። አያ ጅቦ አሰበ። ዘመድ አይደለሁም ቢል ዛሬውኑ ከኮረብታው ይባረራል፤ ኮረብታው ለነብሮ ይቀራል። ጥቂት ቀን ቢታገሥ ግን የጃርቱ ሁሉ ጀርባ ይራቆታል። አንገቱን ወደ ሰማይ አቀናና፣ «ዋይ! ዋይ! አያቴን!» ብሎ ኡኡ አለ።

ከዚያ ወደ ጌታው ነብሮ ዛፍ ሄዱ።

«ጌታው ነብሮ፣ ይቀመጡ። አይዞዎት። የአያትዎ እናት አርፈዋል።»

ጌታው ነብሮም አሰበ። ዘመድ አይደለሁም ቢል ኮረብታው ለጅቦ ይቀራል። «ዋይ! ዋይ! አያቴን!» ብሎ ከዛፉ ዱብ አለ።

ሁለቱን አንድ ድንኳን አስገቧቸው፣ ምክንያቱም ሟቿ አንድ ናቸው፤ እነሱም ወንድማማች ሆኑ ማለት ነው። ሊያያቸው በመጣ ሁሉ «እግዜር ያጥናችሁ፣ ወንድማማቾች» ተባሉ። የጅቦን የጀርባ ፀጉር ላጩት፤ ሐዘንተኛ ይላጫል። የነብሮን ጢም ላጩት። ለጅቦ ቁርበት አነጠፉለት፤ ሲመሽ ቁርበቱ እኩሌታ ሆኖ ተገኘ።

እትዬ ትርንጎ ወደ ዛፉ ጫፍ አንጋጠጠች። «አባ ኮዳ! ይውረዱ እንጂ! ከሁላችን አስቀድመው ያዘኑት እርስዎ ነዎት። የሐዘንተኞች አለቃ ማን ሊሆን ነው?»

«እኔ ከዚህ ሆኜ በቅርብ እከታተላለሁ» አለ አባ ኮዳ።

«በቅርብ የሚከታተል በቅርብ ይቀመጣል!» አሉ ጃርቶቹ።

አባ ኮዳ ዙሪያውን ቢያይ የሁለቱም ወገን ደንበኞቹ ቆመው ያዩታል። ወረደ። አናቱንና አንገቱን ሙልጭ አድርገው ላጩት። «እጅግ አሳ…» ሲል ምላጩ ጉሮሮው ላይ ስለደረሰ ሳይጨርሰው ቀረ።

ሰዓቱ ሲደርስ ንፍሮ መጣ።

አያ ጅቦ ድስቱን ከፍቶ አየ። ዘጋው። እንደገና ከፍቶ አየ። «ሥጋ የለም?»

«የሐዘን ቤት እኮ ነው፣ አያ ጅቦ» አለች እትዬ ትርንጎ። «ለሐዘንተኛ እስከ አርባ ሥጋ አይቀርብም።»

«እስከ አርባ!» አለ ጌታው ነብሮ። ድምፁ ከአፉ ሳይሆን ከሆዱ ወጣ።

አሁን እዚህ ላይ «ለምን ከጎናቸው የተቀመጠውን ራቁት ጃርት አይበሉም?» የሚል አለ፣ ዓይኑ ላይ አየሁት። እንዲህ ነው። ጅቦ ቢነክስ፣ ነብሮ ወዲያው «አዳኛችሁ እኔ ነኝ» ይላል፤ ኮረብታው የነብሮ ይሆናል። ነብሮ ቢነክስ፣ ጅቦ «አዳኛችሁ እኔ ነኝ» ይላል፤ ኮረብታው የጅቦ ይሆናል። ስለዚህ ጅቦ ነብሮን ይጠብቃል፣ ነብሮ ጅቦን ይጠብቃል፤ ሁለቱም በየመካከሉ «ዋይ አያቴን» እያሉ ስንዴና ባቄላ ያኝካሉ። ለቅሶ ስላለ ደግሞ ጦርነት የለም። ጦርነት ስለሌለ እሾህ የሚወረውር የለም።

በአሥረኛው ቀን የጃርቶቹ ጀርባ እንደ አዲስ ጢም ሻካራ ሆነ። አያ ጅቦ ይህን ሲያይ ወደ ጎሹ ጠጋ አለ፤ ረሃቡ ከሒሳቡ ሊበልጥ ነው። እትዬ ትርንጎ አየችው። አርባ ቀን እንደማይጠብቅ አወቀች። ተነሣች፣ ነጠላዋን አደገደገች፣ ደረቷን መታች፣ አወረደችው፦

«እናትዬ ጃርቲቱ፣ የወንዙ ባለ ርስት፣
መልካሽን ለማን ሰጠሽ፣ ከወራሽ ከሁለት?»

አያ ጅቦ ቀና አለ። «ምን መልካ?»

«የወንዙ መልካ ነዋ። የእሳቸው ርስት ነበር» አለች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች። «ለወራሽ ይተላለፋል። ለማን እንደሆነ አላወቅሁም።»

«ለእኔ ነዋ! እኔ ነኝ ታላቁ!» አለ ጅቦ።

«አንተ? አንተ ምኗ ነህና? የውሸት የልጅ ልጅ!» አለ ነብሮ።

«ያንተስ? ነጠብጣብህ እሾህ ነበረ? ጭቃ የተረጨበት ድመት!»

«አንተስ የቆመ ፀጉርህ እሾህ ሊሆን ነው? ጃርት በሕይወትህ ለመብላት እንጂ ለማልቀስ አስበህ ታውቃለህ?»

«አንተ ታች ቤትን ልትበላ አልነበረም?»

«አንተ ላይ ቤትን ልትበላ አልነበረም? የጎሹን ጭን የእኔ ነው ብለህ አልመደብክም?»

ጎሹ ቀስ ብሎ ጭኑን ሸፈነ።

ከዚያ በኋላ ቃል የለም፤ ጥርስ ብቻ። ጅቦና ነብሮ ተያይዘው፣ ከድንኳኑ የቀረችውን ጨርቅ ተከናንበው፣ ኮረብታውን እየተንከባለሉ ወርደው መልካው ውስጥ ገቡ። ስንት ዘመን ሲፈራሩ የኖሩት፣ በሌሎች ጀርባ ሲዋጉ የከረሙት፣ ያን ቀን በገዛ ጀርባቸው ተዋጉ። አንዱ ጆሮውን ጥሎ በዚያ ማዶ ወጣ፣ አንዱ ጅራቱን እየጎተተ በዚህ ማዶ ወጣ። አባ ኮዳ በመላጣው ላይ ዝንብ እየሰፈረበት ተነሥቶ በረረ። ባሕር ማዶ ያሉት ወገኖቹ መላጣውን አይተው «አናውቅህም» ስላሉት ተመልሶ መጣና እስከ ዛሬ ከእርድ ቦታ ጥግ ቆሞ የሚጣል ሥጋ ይጠብቃል። የሚያስብ ይመስላል። ምንም አያስብም።

ድንኳኑ ውስጥ የቀሩት ጃርቶች ተያዩ። ማንም ይቅር እንባባል አላለም፤ ጃርት ኩሩ ነው። ላይ ቤቶች «ቢሆንም በሩ …» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ፣ ታች ቤቶችም «ቢሆንም …» ሊሉ ሲሉ፣ የሁሉም ጀርባ በአንድ ጊዜ ማሳከክ ጀመረ።

አዲስ እሾህ ሲበቅል እንደሚያሳክክ የሚያውቀው ጃርት ብቻ ነው። ጃርት ደግሞ እጁ አጭር ነው፤ የገዛ ጀርባው ላይ አይደርስም። ያን ሰዓት ከጎንህ የተቀመጠው የየትኛው ቤት ልጅ እንደሆነ አትጠይቅም።

«ወንድሜ፣ እባክህ» አለ ጎሹ፣ ጀርባውን ለዳምጤ ሰጥቶ።

«አንተም እከክልኝ እንጂ።»

«እሺ፣ መጀመሪያ እኔን። ቀስ! እዚያ ጋ። አይ፣ አለፍከው። እግዜር ይስጥህ!»

ኮረብታው ሙሉ እከክልኝ፣ ልከክልህ ሆነ። አባ ክንዴ ሳይቀሩ አንድ ሙግተኛ የታች ቤት ጃርት ጀርባቸውን ሲያክክላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው «እእእ» ይሉ ነበር። የድንኳኑን በር ነገር እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል ይባላል፤ በአፍ ግን፣ በአፍ ብቻ።

እትዬ ትርንጎ በመካከላቸው ተቀምጣ የልጆቿን ጀርባ አየች። ጥቁርና ነጭ፣ እንደ ስንዴ ቡቃያ ብቅ ብቅ ብሏል። እንባዋ መጣ። የተረፈውን ንፍሮ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና ለዚያች ቀን ስንኝ ሳታወርድ፣ ዝም ብላ በላች።

እኔም አፌ ደረቀ። ውሃ አቀብሉኝ፣ ተረቱን ለሚቀጥለው ሰው አቀብሉ። ስታቀብሉ ግን ይህችን እንዳትጥሉ፦

የጦር ቀን ዘመድ፣ የንፍሮ ቀን ባዳ።